ሰንጢዬን የት ልያዘው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስከፍት እውላለሁ፤ ማታ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ለሥራ ብዬ በአንድ እጅ የሚከፈት ባለክሊፕ ሰንጢ ገዛሁ። የሱሪዬን ኪስ በላው። መኪና ውስጥ ስቀመጥ ጎኔን ይወጋኛል። ባለፈው ደግሞ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ተከፍቶ ኖሮ እጄን ስከት ጣቴን ቆረጠኝ። ቀበቶ ላይ ባደርገው ይሻላል? ከመኪና ቁልፍ ጋር? ወይስ ቦርሳ ውስጥ ልጣለው? ማታ ስነዳ ለመከላከያም ይሆነኛል ብዬ ነበር። በቅርቡ ለንደን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ ይዤው ብሄድስ?»

ወንድሜ፣ ያነሳኸው ብዙ ነው። አንዱ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ ጣትህን የቆረጠው ነገር። ኪስ ቢቀደድ ይሰፋል። ጎንህን ቢወጋህ ቦታውን ትቀይራለህ። ራሱን የሚከፍት ሰንጢ ግን የትም ብታደርገው አደጋ ነው። ስለዚህ መያዣውን ከመምረጣችን በፊት ሰንጢው ራሱ ለመያዝ የሚበቃ መሆኑን እንይ።

ሥራዬ ስለት መሳልና ማደስ ነው። ሰው ታጣፊ ሰንጢ ይዞልኝ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚለኝ «አልቆርጥ አለ» ነው። ፈትቼ ሳየው ግን ስለቱ ብቻ አይደለም የደከመው፤ መታጠፊያው ላልቷል፣ ውስጡ በጨርቅ ብናኝ ተሞልቷል። ባለቤቱ ይህን አያውቅም፤ ሰንጢው ሲከፈት ጥሩ ስለሚቆለፍ ሲታጠፍም የተቆለፈ ይመስለዋል።

አይቆለፍም። የድሮው ዓይነት፣ ስዊስ ሰንጢ የምንለው፣ ከእጀታው ጀርባ ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ስለቱ ሲታጠፍ ያ ስፕሪንግ ወደ ውስጥ ተጭኖ ይይዘዋል። በአንድ እጅ የሚከፈተው የአሁኑ ሰንጢ ግን በአብዛኛው የሚቆለፈው ሲከፈት ብቻ ነው። ብዙዎቹን ሲታጠፉ የምትይዛቸው አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ናት። ስለቱ ላይ ወዳለች ጉድጓድ ገብታ ትቀመጣለች፤ በቃ። የመታጠፊያው ብሎን ከላላ ወይም ጉድጓዷ በብናኝ ከሞላች ኳሷ መያዟን ትተዋለች። የአንተ ሰንጢም እዚህ ላይ ነው የደከመው ብዬ እገምታለሁ።

እንዲህ አድርገህ ፈትነው። ሰንጢውን እጠፈው። እጀታውን በሁለቱ ጎኖቹ በኩል ብቻ ያዘው፤ ጣትህ ስለቱ በሚወጣበት መንገድ ላይ እንዳይሆን። ስለቱ የሚወጣበት በኩል ወደ መሬት ይዙር። ከእግርህ አርቀህ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ወደ ታች አርገፍግፈው። ስለቱ ንቅንቅ ካላለ ደህና ነው። ጫፉ ብቅ ካለ ኪስ አይገባም። በጥርስ ብሩሽ አጽዳው፣ መታጠፊያውን ብሎን በትክክለኛው ካቻቢቴ ጥቂት አጥብቀው፣ እንደገና ሞክረው። አሁንም ብቅ የሚል ከሆነ ወደ ገዛህበት መልሰው፣ ካልሆነም ቤት ውስጥ መሳቢያ ይግባ። ርካሽ ሰንጢ ለማትረፍ ጣት አይከፈልም።

ፈተናውን ካለፈ ወደ ኪሱ እንሂድ።

ብዙ ሰው ክሊፑን ኪሱ አፍ ላይ ይሰካና ይረሳዋል። ሰንጢው ኪሱ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ክሊፑ በእጀታው የኋላ ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ኪስ ውስጥ ሲገባ መታጠፊያው ወደ ታች፣ የስለቱ ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ቀኝ እጅህን የምትጠቀም ከሆነና ሰንጢው በቀኝ የፊት ኪስህ ካለ፣ የስለቱ ጀርባ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ማለትም ከዳሌህ ጎን ወደ ታች ወደሚወርደው የሱሪ ስፌት። ሰንጢውን ገፍተህ ከዚያ ስፌት ጋር አጣብቀው። ስለቱ ልከፈት ቢል ጀርባው ስፌቱን ይገፋል እንጂ መውጫ አያገኝም። መሃል ላይ ሲንጠለጠል ግን በጎኑ ባዶ ቦታ አለ። እጅህን ስትከት ያገኘህ ያ ነው።

ግራኝ ከሆንክ ክሊፑ ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል፣ ኪሱም የግራው ይሆናል፤ አሠራሩ ያው ነው። ብዙ ሰንጢዎች ለዚህ ብለው ተጨማሪ የብሎን ቀዳዳ አላቸው። የሌላቸውን ግራኝ ሰው ባይገዛቸው ይሻለዋል።

ክሊፑ መታጠፊያው አጠገብ የተገጠመም አለ። ያኔ የስለቱ ጫፍ ወደ ኪሱ ታች ይሆናል። እጅ የመቁረጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ነገር ግን ቢከፈት ጫፉ ጨርቁን አልፎ ጭን ሊያገኝ ይችላል፤ ስታወጣውም እጅህ ውስጥ ማገላበጥ አለብህ። ካርቶን በጓንት ለሚከፍት ሰው ያ ማገላበጥ ጥሩ አይደለም፣ ሰንጢው ከእጅ ይወድቃል። እኔ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ከስፌቱ ጋር የተጣበቀውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ያ ኪስ የሰንጢው ብቻ ይሁን። ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ ስልክ አይግባበት። ቁልፍ ከሰንጢው የመክፈቻ ጉጥ ጋር ተያይዞ ስለቱን ሊገፋው ይችላል። ስልክህም ይጫራል። ከሁሉ በላይ ግን በቀን አሥር ጊዜ እጅህን የምትከትበት ኪስ ውስጥ ስለት አይቀመጥም።

ክሊፕ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፓይደርኮ የተባለው ኩባንያ «ወርከር» የሚባል ሰንጢ አወጣ። ኪስ ላይ የሚሰካ ክሊፕና ለአውራ ጣት መክፈቻ ክብ ቀዳዳ ነበረው። ኩባንያው ያለው እዚያው ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ ነው፤ ከአንተ ሰፈር በመኪና ሩቅ አይደለም። ዛሬ ገበያውን የሞላው ባለክሊፕ ሰንጢ የዚያ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ትንሹ ሰንጢ ኪስ ስር ይጣላል፣ ትልቁ በቆዳ አፎት ቀበቶ ላይ ይውላል። የትልቁን ዓይነት ማየት ከፈለግህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የወጣው በክ 110 የተባለው ታጣፊ ሰንጢ አለልህ፤ ወደ 200 ግራም ይመዝናል። ያን የሚያህል ብረት ኪስ ውስጥ ብትከተው ሱሪህን ይጎትታል።

ኪስህን የበላው ግን ክሊፑ አይደለም። የሰንጢህን እጀታ ዳብሰው፤ ሸካራ ነው አይደል? እጅ እንዳያንሸራትት ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ክሊፑ የኪሱን ጨርቅ በዚያ ሸካራ እጀታ ላይ ይጫነዋል። ስታወጣና ስትከት ጨርቁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት በሆነ ነገር ይፋቃል። ጂንስ ይህን ለጊዜው ይችለዋል፤ የሥራ ሱሪ ግን ቶሎ ይበላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክሊፑን ፍታው። ከክሊፑ ስር ያለውን የእጀታ ክፍል ብቻ፣ የአውራ ጣት ስፋት ያህል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ ፈትገው። ውሃ አርከፍክፍበት፤ የእጀታው ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ አፍንጫህንም ሸፍን። የቀረውን እጀታ አትንካው፤ ሸካራነቱ ሥራ ላይ ያስፈልግሃል። ክሊፑ በጣም ከጠበቀ ትንሽ ከፈት አድርገው፣ ግን ቀስ ብለህ፤ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ክሊፕ ይሰበራል። የተቀደደውን ኪስ ደግሞ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው፣ አፉ ላይ ከውስጥ በኩል ወፍራም ጨርቅ ያስገባልሃል።

ጎንህን የሚወጋህ መኪና ውስጥ ነው ብለሃል። አሜሪካ ሹፌር የሚቀመጠው በግራ ነው፤ የደህንነት ቀበቶው የሚሰካው ደግሞ በቀኝ ጎኑ። ማለትም ሰንጢህና የቀበቶው መሰኪያ አንድ ቦታ ላይ ይጋጫሉ። ስትቀመጥ ዳሌህ ይታጠፋል፣ ሰንጢው ግን አይታጠፍም። ክሊፑ ወንበሩን ይቧጭራል፣ ቀበቶውን ይይዛል። ግጭት ቢፈጠር ደግሞ በሰውነትህና በቀበቶው መሃል ጠንካራ ብረት አለ ማለት ነው። ይህን አልወደውም። ስትነዳ ኪስህ ላይ አይሁን። የመጋዘን ሥራህ ሲያልቅ ሰንጢው ባለዚፕ ቦርሳህ ውስጥ ይግባ፣ ቦርሳው መኪናው ኋላ ይቀመጥ። ከተሳፋሪ እጅ ይርቃል፣ ከአንተም ጎን ይወርዳል።

ሌሎቹን ቦታዎችም ልንገርህ። የኋላ ኪስን እርሳው፤ ስትቀመጥ ትወጋለህ፣ ስትነሳ ወንበር ላይ ጥለኸው ትሄዳለህ። የሸሚዝ ኪስ ስታጎነብስ ያፈሰዋል። አንገት ላይ በገመድ የሚያንጠለጥሉ አሉ፤ የሚዞር ማሽንና ማጓጓዣ ቀበቶ ባለበት መጋዘን ይህ በፍጹም አይሆንም። ካልሲ ወይም ጫማ ውስጥ የሚደብቅ ሰውማ ለሥራ ነው የያዝኩት ብሎ ማንንም አያሳምንም።

የቀበቶ አፎት ጥሩ ነገር ነው። ትልቅ ሰንጢ ላለው፣ እርሻ ላይ ወይም ግንባታ ላይ ለሚውል ሰው እመክራለሁ። ኪስ አይቀድም፣ ብናኝ አያስገባም። ለአንተ ግን ሁለት ችግር አለበት። መጋዘን ውስጥ በመደርደሪያ መሃል ስታልፍ ይጠለፋል። ሁለተኛ፣ ይታያል። ኮሎራዶ ውስጥ መታየቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ ብትሆን ግን በአደባባይ ሰንጢን በግልጽ በሚታይ ቦታ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ኪስ ላይ የሚታይ ክሊፕ እንኳ እዚያ ሰውን ፖሊስ ፊት አቁሞታል። ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ይህን አስብ።

ከቁልፍ ጋር ያልከው የሚሠራው በጣም ትንሽ ለሆነ ሰንጢ ብቻ ነው። ሲታጠፍ 58 ሚሊሜትር የሆነው፣ ቪክቶሪኖክስ የተባለው ትንሹ የስዊስ ሰንጢ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው፤ ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ የጥፍር ሞረድ አለው። ፖስታ ይከፍታል፣ ክር ይቆርጣል፣ ማንንም አያስደነግጥም። አደጋው አንድ ነው፤ መኖሩን ትረሳዋለህ። ቁልፍህን ይዘህ ኤርፖርት ፍተሻ ስትገባ ነው ትዝ የሚልህ።

ይህን ሁሉ አይቼ ለአንተ የምለው እንዲህ ነው። አንድ ሰንጢ ለሁለቱም ሥራህ አይሆንም። ለቀኑ ሥራ ከክሊፑ ስር እጀታው የለሰለሰ ሰንጢ፣ ከስፌት ጋር ተጣብቆ፣ ያ ኪስ ከሌላ ዕቃ ባዶ ሆኖ። ለማታው ያቺ ትንሿ የቁልፍ ሰንጢ ትበቃሃለች፣ ወይም ምንም። እዚህ ላይ ግን አለቃህን ጠይቅ። ብዙ መጋዘኖች ሠራተኛ የራሱን ሰንጢ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ስለቱ ራሱ ወደ ውስጥ የሚመለስ ከተር ያድላሉ። ያን ከሰጡህ እሱን ተጠቀም። ለካርቶን ከማንኛውም ሰንጢ ይሻላል፤ ጫፉ አጭር ስለሆነ ውስጥ ያለውን ዕቃ አይወጋም፣ ስለቱ ሲያልቅ ትቀይረዋለህ። ለሰንጢ ያለኝ ፍቅር ይህን ከመናገር አያግደኝም።

አሁን ስለ መከላከያው። ወንድሜ፣ ይህን ሐሳብ ተወው። የምለምንህ ነው።

መጀመሪያ፣ አይሠራም። መሪ ይዘህ፣ ቀበቶ ታስረህ፣ ከኋላህ ሰው ተቀምጦ፣ ታጣፊ ሰንጢ ከኪስ አውጥቶ መክፈት ልብህ እየመታ የሚሆን ነገር አይደለም። ቢከፈትም ጠባብ ቦታ ውስጥ ማን እንደሚቆረጥ አታውቅም። ሁለተኛ፣ ሰንጢህ በሕግ ፊት የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው። ካርቶን ልከፍት የያዝኩት ስትል መሣሪያህ የሥራ ዕቃ ነው። ሰው ቢመጣብኝ ስትል ሌላ ነገር ይሆናል፤ ለፖሊስ እንዲህ ካልከው በራስህ አንደበት መሰከርክ ማለት ነው። በር ቆልፍ፣ መብራትና ሰው ወዳለበት ንዳ፣ መተግበሪያው ላይ ያለውን የድንገተኛ ጊዜ ቁልፍ ተጫን፣ 911 ደውል። ገንዘብ ከጠየቀህ ስጠው። ልጆችህ የሚፈልጉት አንተን ነው።

ርዝመቱን ደግሞ ዛሬውኑ ለካ። ማስመሪያ አምጣ፣ ከስለቱ ጫፍ ጀምረህ እስከ እጀታው መጀመሪያ ድረስ። ኮሎራዶ ውስጥ ስለቱ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ8.9 ሴንቲሜትር በላይ የሆነን ሰንጢ ደብቆ መያዝ ወንጀል ነው። ኪስ ውስጥ የገባ ሰንጢ ደግሞ የተደበቀ ነው። ከ3 ኢንች የማይበልጥ ብትይዝ በዚህ በኩል አታስብም፤ ለካርቶንም ከበቂ በላይ ነው።

ከርዝመቱ በላይ ሰውን የሚያስቸግረው ግን በሩ ነው። የጣት አሻራ ወይም የዜግነት ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ካለህ የምትገባው የፌዴራል ቢሮ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ስለቱ ከ2.5 ኢንች በታች የሆነን የኪስ ሰንጢ እንደ አደገኛ መሣሪያ አይቆጥረውም። ቢሆንም በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሊመልስህ ይችላል፤ ለዓመታት የጠበቅኸው ቀጠሮ በአንዲት ሰንጢ ሊያልፍህ አይገባም። ፍርድ ቤት ስትሄድ መኪናህ ውስጥ ተወው። ልጅ ለማድረስ ትምህርት ቤት ግቢ ስትገባም በኪስህ አይኑር። ቤተ ክርስቲያንም እንደዚሁ፤ ማንም አይፈትሽህም፣ ግን ጫማ ስታወልቅና ስትሰግድ ከኪስህ የሚወድቅ ሰንጢ ለማንም ደስ አይልም።

ኤርፖርት ላይ ሕጉ አጭር ነው። ሰንጢ፣ የፈለገ ትንሽ ይሁን፣ ከአሜሪካ ስትነሳ ይዘኸው ወደ አውሮፕላኑ አትገባም። እ.ኤ.አ. በ2013 ትንንሾቹን ለመፍቀድ ታስቦ ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛ በዚያው ዓመት ተተወ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ግን ይቻላል። አጥፈህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ሻንጣውን የሚፈትሽ ሰው እጁን እንዳይቆርጠው አድርገህ አስቀምጠው። አዲስ አበባ ስትሄድም እንዲሁ ነው። እዚያ ደርሰህ ግን ቤት ተወው። ባንክ፣ ሆቴል፣ የገበያ ሕንፃ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ እንደ መስቀል ባሉ በዓላት ስለት ያለው ነገር ይዞ መምጣት ይከለከላል። እናትህም ኪስህ ውስጥ ሰንጢ ብታይ የምታስበው ካርቶን አይደለም።

ለንደን ይህን ሰንጢ ይዘህ አትሂድ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንድትይዝ የሚፈቅድልህ ታጣፊ የኪስ ሰንጢን ብቻ ነው፤ የሚቆርጠው ክፍል ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲሜትር መብለጥ የለበትም። የሚቆለፍ ሰንጢ ደግሞ እዚያ እንደ ታጣፊ አይቆጠርም፤ ፍርድ ቤቶች ይህን ወስነውበታል። የአንተው ይቆለፋል። ስለዚህ 2 ኢንች ቢሆን እንኳ በቂ ምክንያት ማቅረብ ይኖርብሃል። ሥራ ምክንያት ይሆናል፤ ለእረፍት መጥተህ ግን ምን ሥራ አለህ? ራሴን ለመከላከል የሚለው ደግሞ እዚያ እንደ ምክንያት አይወሰድም። ያችን ትንሿን የቁልፍ ሰንጢ በሚጫነው ሻንጣ ውሰዳት፤ አትቆለፍም፣ ከ3 ኢንች በታች ናት፣ ለፍራፍሬና ለፖስታ ትበቃለች። ስትመለስ ደግሞ ሻንጣውን ከማስረከብህ በፊት ከቁልፉ ላይ ማውጣትህን አስታውስ።

በኪስ የሚውል ሰንጢ ላብና ብናኝ ይሰበስባል። በየሳምንቱ ከፍተህ በጥርስ ብሩሽ ጥረገው፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርግ፣ የተረፈውን በጨርቅ አድርቀው። ዘይት ከበዛ ብናኝ ይጠራል፣ ኳሷም መልሳ ትደፈናለች። ምግብ የምትቆርጥበት ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛውን የሚጠጣ የማዕድን ዘይት ተጠቀም።

ሰንጢውን ከፈተንከው በኋላ ስለቱ ስንት እንደሆነና ክሊፑ በየትኛው ጫፍ እንዳለ ጻፍልኝ። ብቅ ካለም ንገረኝ፤ በብሎን የሚስተካከል ይሁን አይሁን ከሞዴሉ ማወቅ እችላለሁ።